ከመቶ አሥር፦ አቡጀዲ፣ ሸማኔውና የ1900 ዓ.ም. ውል

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የሸማኔን ኑሮ የነኩ ሁለት ነገሮች አደረጉ። አንደኛው ዛሬም በየመድረኩ ይነሣል፦ ሰውን በእጅ ሙያው መስደብን፣ ሸማ ሠሪውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ እያሉ ማዋረድን በአዋጅ ከለከሉ። ሁለተኛውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በዚያው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከአንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ውሉ ስለ ሸማኔ አንዲት ቃል አይናገርም። የሚናገረው ስለ ቀረጥ ነው፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ከመቶ አሥር በላይ እንዳያስከፍል ይወስናል። ወይን፣ ሻምፓኝና ቢራን ለመሰለው መጠጥማ ስምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ድሀው ለሱሪው የሚገዛው አቡጀዲ በጉምሩክ ከመቶ አሥር ሲከፈልበት፣ መኳንንቱ በግብር ላይ የሚያስከፍቱት ሻምፓኝ ከዚያ ባነሰ ይገባ ነበር።

አዋጁ የሸማኔውን ክብር ለመጠበቅ ተነሣ። ውሉ ደግሞ ገበያውን ሊጠብቅ የሚችለውን መሣሪያ ከመንግሥት እጅ አወጣ።

አድዋ ላይ ድል ያደረገ መንግሥት እንዲህ ያለውን ውል ለምን ፈረመ? መልሱ በአብዛኛው በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ እዚያው ቆሟል። ሥራውን የያዘው ኩባንያ ከስሯል። በታኅሣሥ 1899 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ የጥቅም ክልላቸውን የሚያካልል ስምምነት ተፈራርመዋል። የባሕር በር የሌለው አገር ጠመንጃውንም ጥይቱንም የሚያስገባው በሰው ወደብ ነው፤ ጅቡቲ የፈረንሳይ ናት። ክሎቡኮቭስኪ አዲስ አበባ የገባው ይህን ሁሉ በጓዙ ይዞ ነበር። ውሉ በተፈረመበት በዚያው ወር ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል አዲስ ፈቃድ ተሰጠ። ንጉሡ ባቡሩን ሲያገኙ የቀረጡን ሥልጣን ለቀቁ ማለት ነው፤ በጊዜው ዓይን ሲታይ የሞኝ ልውውጥ አልነበረም። ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ግን ከተደራዳሪዎቹ መካከል ያነሣ አልነበረም።

አቡጀዲ ያኔ የአሜሪካ ዕቃ ነው። ያልነጣ፣ ወፈር ያለ፣ ብዙ የሚያገለግል የጥጥ ጨርቅ ሆኖ በአሜሪካ ፋብሪካዎች እየተሠራ በኤደን በኩል ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳል። የዛንዚባር ነጋዴዎች መሪካኒ ይሉት ነበር። በኢትዮጵያ የወታደር ሱሪ፣ የዘማች ድንኳን፣ የፍራሽ ልብስ፣ የድሀ እጀ ጠባብ ሆነ። ከውጭ ከሚገባው ዕቃ ሁሉ ትልቁን ድርሻ የያዘው የጥጥ ጨርቅ ነበር፤ ከጨርቁም ግንባር ቀደሙ ይኸው።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው። ጨርቃቸውን የሚሸጡላቸው የሌላ አገር ነጋዴዎች ስለነበሩ ዕቃው የት እንደሚደርስ በቅጡ አያውቁም። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል የነበረው ሮበርት ስኪነር ነገሩን ተከታትሎ መንግሥቱን ወተወተ፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም ላኩት። በታኅሣሥ 1896 በበቅሎና በግመል፣ በባሕር ኃይል ወታደሮች ታጅቦ አዲስ አበባ ገባና የሁለቱ አገሮች የመጀመሪያው የንግድ ውል ተፈረመ። በውሉ ውስጥ በዘመኑ የተለመደች አንዲት አንቀጽ አለች፤ ጨመቅ ሲደረግ «ለሌላው የሰጠኸውን ጥቅም ለእኔም» ትላለች። አራት ዓመት ቆይቶ ለፈረንሳይ የተሰጠው ከመቶ አሥር የፈረንሳይ ብቻ ሆኖ ያልቀረው እንዲህ ባሉት አንቀጾች ነው። አንድ ለተከፈተለት ሁሉም ገባ።

እዚህ ላይ የሻጮቹን ቤት ማየት ደግ ነው። አቡጀዲውን የሚሠሩት የአሜሪካ ፋብሪካዎች በአገራቸው እ.ኤ.አ. በ1897 በወጣው የዲንግሊ ታሪፍ ሕግ ተከልለው ነበር፤ ሕጉ ቀረጥ በሚከፈልባቸው ዕቃዎች ላይ የሚጥለው አማካይ ቀረጥ ከመቶ 40 በላይ ነው። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ1892 በሜሊን ሕግ ገበሬዎቿንና ፋብሪካዎቿን በከፍተኛ ቀረጥ አጥራለች። ከመቶ አሥር ለኢትዮጵያ የተመከረ መድኃኒት ነው፤ መካሪዎቹ ራሳቸው አይወስዱትም።

አቡጀዲ ሸማኔውን ገደለው? አልገደለውም፤ ታሪኩም የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ሸማ መሥራት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጥጥ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነው፤ ከእመቤት እስከ ገረድ እንዝርት የማታሽከረክር አልነበረችም። መወርወሪያው ሸማኔው እጅ እስኪገባ ድረስ ብዙው ድካም አልቋል። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ የብዙ ፈታዮች እጅ ያስፈልገዋል። ከአቡጀዲው ጋር የፋብሪካ ክርም በዚያው ቀላል ቀረጥ ሲገባ፣ ሸማኔው ድሩን ከሱቅ ገዝቶ ማጉን ብቻ ከእጅ ፈትል ማድረግ ጀመረ። ለእሱ ሥራው ፈጠነለት፤ ለፈታይዋ ግን የገበያዋ ግማሽ ሄደ። ዛሬም ብዙው ነጠላና ጋቢ የሚሠራው በዚሁ ቅይጥ ነው፤ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ።

ከዚህም ሌላ ገበያው ለሁለት ተከፈለ። የአዘቦቱን፣ የሥራውን፣ የዘመቻውን ልብስ አቡጀዲ ወሰደው። የዓመት በዓሉ፣ የሠርጉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግን ለሸማኔው ቀረለት፤ ጥለትና ጥበብ ያለውን ሸማ የውጭ ፋብሪካ በቀላሉ አይሠራውምና። ዶርዜዎች ከጋሞ ደጋ መጥተው በአዲስ አበባ እንጦጦ ግርጌ ሰፍረው ሙያውን እስከ ዛሬ ያቆዩት በዚህች በቀረችው ገበያ ነው። የነፃ ንግድ ደጋፊዎች ይህን ቢያዩ «ሙያው ወደሚበልጥበት ተሸጋገረ» ይሉ ይሆናል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ብዙ ሕዝብ የሚለብሰውን ተነጥቆ ጥቂቱ የሚያጌጥበትን የያዘ ሙያ ፋብሪካ የሚያቆም ጥሪት አያጠራቅምም።

ሌላም ችግር ነበር። ከውጭ የመጣው ዕቃ በድንበር ላይ የታወቀች ቀረጥ ሲከፍል፣ የአገር ውስጥ ነጋዴ በየኬላው ይቀረጥ ነበር። ከጋሞም ከጎጃምም የተጫነ ጥጥና ሸማ በየአገረ ገዢው በር እየቆመ ይጎድላል። ይህን ያደረገው ፈረንሳይ አይደለም፤ የቤት ጣጣ ነው።

ሐዲዱ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ ውሉ ሙሉ ጉልበቱን አገኘ። ግመል ሳምንታት የፈጀበትን መንገድ ባቡር በቀናት ጨረሰው። የአስመጪነቱን ሥራ የያዙት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ፦ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ የመኖች። ከቦምቤይ የመጣው የመሐመድ አሊ ኩባንያ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ስሙ የገነነ ነበር። ውሉ ከቀረጥ ሌላ የዳኝነት ጥበቃም ይሰጣል፤ ፈረንሳውያን እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ የሚዳኛቸው ቆንስላቸው ነው፤ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱ ደግሞ የኢትዮጵያ ዳኛና ቆንስሉ አብረው ይቀመጣሉ። ሌሎችም አገሮች ይህንኑ ለዜጎቻቸውና በጥበቃቸው ሥር ላሉት ጠየቁ፤ ሕንዱ በእንግሊዝ፣ ሌላው በፈረንሳይ ጥላ ሥር ገባ። በኋላ በአዲስ አበባ የቆመው ልዩ ፍርድ ቤት የተወለደው ከዚህ ነው። ያገሬው ነጋዴ ዕዳ ሲካድ ከባላንጣው ቆንስል ፊት ይቆማል።

ነገሩን ከሁሉ አስቀድሞ በኢኮኖሚ ዓይን ያየው አንድ የጉምሩክ ሰው መሆኑ የሚገርም አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በባቡሩ መሥመር ላይ ተቆጣጣሪ፣ በድሬዳዋም የጉምሩክ ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል፤ በየዕለቱ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ያያል። የሚወጣው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና ዝባድ፣ የሚገባው ጨርቅና የብረት ዕቃ ነው። ካረፈ በኋላ በ1916 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ ያነሣው ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም የሠራውን፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ድካም ካገኘው ጋር ሲለዋወጥ፣ ንግዱ ሰላማዊ ቢመስልም አንደኛው የሌላውን ድካም ይወስዳል። ነጋድራሱ ፈረንጅን ጠልቶ፣ በሩ ይዘጋ ብሎ አይደለም። የሚለው ትምህርት፣ የእጅ ሥራ፣ የተስተካከለ ግብርና ቀረጥ የሌለው አገር ባቡር ቢገባለት ባቡሩ የሚያመላልሰው የሰውን ዕቃ ነው የሚል ነው። ይህን የጻፈው ሠላሳዎቹን ዓመታት ገና ሲጀምር ነበር፤ በ1911 ዐረፈ። በሌላው ዓለም ስለ ሚዛን አልባ ንግድ የሚጽፉት ዝነኛ ሊቃውንት የተነሡት ከእሱ ብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

በ1920ዎቹ አሜሪካም ከገበያው ተገፋች፤ የገፋቻት ጃፓን ናት። የጃፓን ጨርቅ ርካሽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ጃፓን ገንዘቧን ከወርቅ ስታላቅቅና የኑ ሲወድቅ ደግሞ ይበልጥ ረከሰ። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያን የጥጥ ጨርቅ ገበያ ከማንም በላይ የያዘችው እሷ ሆነች። ሁለቱ አገሮች በኅዳር 1923 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውለዋል፤ በዓመቱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተጉዘው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉ። ጃፓን የኢትዮጵያን ምሁራን ያጓጓችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እሷም በተመሳሳይ ገመድ ታስራ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1858 ከአሜሪካ ጋር የተፈራረመችው ውልና እ.ኤ.አ. በ1866 የተከተለው ስምምነት ቀረጧን ከመቶ አምስት ላይ አስረውት ነበር። የውጭ ዜጎችን በራሷ ዳኞች የመዳኘት ሥልጣኗን እ.ኤ.አ. በ1899፣ የቀረጥ ሥልጣኗን ሙሉ በሙሉ እ.ኤ.አ. በ1911 አስመለሰች። በዚያ ዘመን መካከል ክር ማጠንጠንና ጨርቅ መሥራት ተምራ ነበር፤ ልጓሙን ስታስመልስ ፈረሱ ከሥሯ ነበር ማለት ነው።

ኢትዮጵያም ሞከረች። የመንግሥታቱን ማኅበር በ1916 ከተቀላቀለች በኋላ ውሉ እንዲሻሻል ጠየቀች፤ ተጓተተ። በ1923 የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ውሉን በቀጥታ ሳይነካ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ሌላ ግብር ጣለ። ቀረጥ አይደለም፣ የፍጆታ ግብር ነው አለ። የውጭ ልዑካን ግን የ1900ውን ውል እያነሡ ተቃወሙ፤ በስም ቀይሮ ማስከፈልም ያው ቀረጥ ነው ብለው። ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለጦር ሠራዊት ገንዘብ የሚሻ መንግሥት በገዛ ድንበሩ የሚገባውን ዕቃ ለመቅረጥ ከውጭ ልዑካን ጋር ይሟገት ነበር።

ክርክሩ ሳያልቅ የኢጣሊያ ጦር ገባ። ከድል በኋላም ነገሩ በአንድ ቀን አልተቃናም፤ የ1934ቱ የእንግሊዝ ስምምነት ለውጭ ዜጎች አሁንም በዳኝነት በኩል የተለየ ቦታ ይሰጥ ነበር፤ ከልዩ መብቶቹ ብዙዎቹ የተነሡት በታኅሣሥ 1937 በተፈረመው አዲስ ስምምነት ነው። ቀረጡን ግን መንግሥት በራሱ አዋጅ መወሰን ጀመረ። ፋብሪካዎች የተተከሉትም ከዚህ ወዲህ ነው። በድሬዳዋ በኢጣሊያ ዘመን የተጀመረው የጥጥ ፋብሪካ ሰፋ፣ በአቃቂ የሕንዱ ቢርላ ቤተሰብ የኢንዶ ኢትዮጵያን ጨርቃ ጨርቅ ተከለ፣ በባሕር ዳር ኢጣሊያ በጦር ካሳ የሰጠችው ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። አቡጀዲ ያገር ውስጥ ዕቃ ሆነ። ከፋብሪካው ጋር የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሠራተኛውም ጋር ማኅበር መጣ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ሲመሠረት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ከዋና ዋናዎቹ መካከል ነበሩ። ጥበቃው እንከን አልነበረውም፤ ተወዳዳሪ የሌለው ፋብሪካ ማሽኑን ሳይቀይር ያረጃል፤ በደርግ ዘመን የውጭ ዕቃ ቀረጥ ከመቶ 230 ድረስ ወጥቶም ጨርቁ አልተሻሻለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ይህ ጣሪያ ወርዶ ከመቶ 35 ሆነ። የቻይና ጨርቅ በቀረጥ፣ ሳልባጁ በኮንትሮባንድ ገባ፤ ያረጁት ፋብሪካዎች ተንገዳገዱ።

ቀጣዩ ምዕራፍ መልኩን ገልብጦ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው አጎዋ የአፍሪካ ዕቃዎች ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገቡ ፈቀደ። በሰው አፍ «የነፃ ንግድ ስምምነት» ሲባል ይሰማል፤ ስምምነት ግን አይደለም፣ የአንድ አገር ሕግ ነው፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ በየዓመቱ የሚወስነው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። አሜሪካ በጥጥ ካናቴራ ላይ ከመቶ 16.5፣ በሰው ሠራሽ ክር በተሠራው ላይ ከመቶ 32 ታስከፍል ነበር፤ በአጎዋ የገባ ምንም አይከፍልም ነበር። በልብስ ስፌት ውስጥ ይህ ልዩነት የትርፍና የኪሳራ ድንበር ነው።

በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተገነባው በዚሁ ስሌት ነው። ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው ፒቪኤች ዋናው ደንበኛ ሆኖ መጣ፤ የስሪላንካ፣ የሕንድና የሆንግ ኮንግ ኩባንያዎች ተከተሉት። እቅዱ 60,000 ሰው መቅጠር ነበር። በአብዛኛው የተቀጠሩት ከሲዳማ ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑን፣ ይህም ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጻፉ። ለግል ድርጅቶች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ አልተቀመጠም፤ የቤት ኪራይና ምግብ ተከፍሎ የሚተርፍ የለም፤ ልጆቹም ብዙ ሳይቆዩ ጥለው ይሄዱ ነበር። ይህን አይቶ «ዘመናዊ ባርነት» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሆኖም ለብዙዎቹ በስማቸው የተከፈለ የመጀመሪያው ደመወዝ ነበር።

ከዚያ የትግራዩ ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በአጎዋ የገባው ዕቃ ዋጋ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በኅዳር 2014 ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ፣ ከማሊና ከጊኒ ጋር፣ ከአጎዋ ወጣች። ለኢትዮጵያ የተሰጠው ምክንያት ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ነበር። ጥሰቱ እውነት ነው፤ ቅጣቱ ግን ጦርነቱን ባላዘዘችው ልብስ ሰፊ ላይ ወረደ። በ1900ው ውል ኢትዮጵያ ቀረጧን ብቻዋን መቀየር አትችልም ነበር፤ በአጎዋ ደግሞ ሌላው ወገን ብቻውን ይቀይራል።

አሁን ድርድሩ በአህጉሩ ውስጥ ነው። ኪጋሊ ላይ በ2010 የተፈረመውን፣ የኢትዮጵያ ፓርላማም በ2011 ያጸደቀውን የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት ሥራ ላይ ለማዋል ሲሞከር፣ ለዓመታት ካልተቋጩት ጥያቄዎች አንዱ የልብስ ጉዳይ ሆነ። በአፍሪካ የተሰፋ ሸሚዝ የአፍሪካ ዕቃ ለመባል መስፋቱ ብቻ ይበቃዋል? ወይስ ጨርቁም እዚሁ መሸመን አለበት? አጎዋ ለድሆቹ አገሮች ጨርቁን ከየትም እንዲያመጡ ይፈቅድ ስለነበር፣ ሐዋሳ ላይ የተሰፋው ልብስ ብዙው ጨርቁ ከእስያ የመጣ ነበር። መስፋቱ ይበቃል ከተባለ የስፌት ፓርኮቹ ይፈጥናሉ። ጨርቁም እዚሁ ይሁን ከተባለ ጥጥ የሚያመርቱት መተማ፣ ሁመራና አዋሽ፣ ከነሱም ጋር የባሕር ዳርና የኮምቦልቻ ፈታይና ሸማኔ ፋብሪካዎች ገበያ ያገኛሉ።